ሐምሌ ላይ ሰላጣ፣ ታኅሣሥ ላይ ሾርባ፦ ወቅቱ የማን ነው?

«ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ባለቤቴ የጅማ ልጅ ስለሆነ ካገባን ጀምሮ የምንኖረው እዚሁ ጅማ፣ ከእናቱ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ስልኬ ላይ "ከወቅቱ ጋር መኖርና መብላት" የሚሉ ቪዲዮዎች ማየት ጀመርኩና በጣም ወደድኳቸው። የአንዷን የዓመት ሰንጠረዥ አሳትሜ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። ሐምሌና ነሐሴ ሰላጣ፣ ቀዝቃዛ ጁስ፣ እንጆሪ ይላል። ታኅሣሥና ጥር ደግሞ የካሮትና የድንች ሾርባ። እንጆሪውንና ብሮኮሊውን ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው አስመጣ ነበር። ልጆቼ ግን ክረምቱን ሙሉ ጉንፋንና ተቅማጥ ሲያመላልሳቸው ከረመ። እኔም ድካም ድካም ይለኛል። ባለቤቴ ወጪው አስመርሮታል። በቀደም አማቴ ወረቀቱን ምን እንደሚል ጠየቁኝና አነበብኩላቸው። ሳቁና "ልጄ፣ አንቺ የምትበዪው የሰው አገር ወቅት ነው" አሉኝ። ከፍቶኝ ትንሽ ተኳረፍን። እውነት ጅማ ላይ በወቅቱ መብላት የሚባል ነገር አለ? ካለስ ከየት ልጀምር?»
ግራ የገባኝ፣ ከጅማ

ግራ የገባሽ እህቴ፣

አማትሽ ልክ ናቸው። አንቺም ግን ያሰብሽው ክፉ ነገር አይደለም። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ የሌላ አገር የሆነው ወረቀቱ ነው።

ያ ሰንጠረዥ የተሠራው ወቅት በብርሃንና በውርጭ ለሚለይበት አገር ነው። ለንደንን ውሰጂ። ሰኔ ላይ ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ ታኅሣሥ ላይ 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ብርዱ ሲገባ ማሳው ይተኛል፣ ሰዉም ካስቀመጠው ካሮትና ድንች ሾርባ ይሠራል። ሲሞቅ ሁሉም ነገር በአንዴ ይደርሳል፣ ሰላጣና እንጆሪ ይበላል። ለእነሱ ልክ ነው። ጅማ ግን ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ እንኳ አትርቅም። እዚህ የዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን ቢበላለጡ አንድ ሰዓት አይሞላም። እኛ ጋ ወቅትን የሚለየው ዝናብ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፤ ከዚያ ብዙው የሚወርደው እነዚያ ሰዎች ፀሐይ በሚሞቁባቸው ወራት ነው። እነሱን አይተሽ ቀዝቃዛ ጁስ ስትጠጪ ቆርቆሮው በዝናብ ይደበደብ ነበር።

እንዲያውም ሰንጠረዡን ገልብጠሽ ብትለጥፊው ይሻል ነበር። ሾርባው የሐምሌ ነው። ጁሱን የካቲትና መጋቢት ላይ ጠጪው፤ የጅማ ሙቀት ያኔ ነው።

ስለ ልጆቹ አንድ ነገር ልበል። ተቅማጡ ከሰላጣው ነው ብዬ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም፤ ከተመላለሰባቸው ሐኪም ይያቸው። ግን በክረምት ጎርፉ ከየመጸዳጃ ቤቱና ከየቦዩ ያገኘውን ጠራርጎ ወንዝና ምንጭ ውስጥ ይከተዋል። ሰላጣ መሬት ላይ ተለጥፎ የሚበቅል ነገር ነው፣ ያ ጭቃ ይረጨዋል። ብዙ ጊዜ የሚታጠበውም በዚያው ውኃ ነው። ጃርዲያ፣ አሜባና ታይፎይድ የሚሄዱት በዚህ መንገድ ነው። የአገሬው ሰው ክረምት ላይ ጎመኑን ቀቅሎ የሚበላው ሰላጣ መሥራት አቅቶት አይደለም። ልጆቹ ጥሬ ነገር ካማራቸው የሚላጥ ስጫቸው፦ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ። የሚጠጡትን ውኃ ደግሞ አፍዪላቸው። በዚያ ብርድ ከሰል ቤት አስገብታችሁ የምትሞቁ ከሆነ፣ በርና መስኮት ዘግታችሁ እንዳትተኙበት አደራ። ጭስ የሌለው ከሰልም ይገድላል።

አሁን ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅነትሽ ትንሽ ያሳስትሻል። እዚያ ክረምት በሰኔ ማብቂያ ገብቶ በመስከረም ይወጣል። የቀን መቁጠሪያችንም ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው የሚቆጥረው። ጅማ ለዚህ ቀን ደንታ የላትም። የካቲት ማብቂያ ወይ መጋቢት ላይ ዝናቡ ጀመር ያደርገዋል። ቡናውም ያንን ጠብቆ ነጭ አበባውን ያፈነዳል። ወደ አጋሮ ወይ ወደ ማና ወጣ ካልሽ ለጥቂት ቀን መንገዱ ሁሉ ያውዳል። ከዚያ ዝናቡ እየበረታ ሄዶ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ደረቅ የሚባሉት ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ናቸው። ኦሮሞ ጎረቤቶችሽ ይህንን ቦና ይሉታል። ዝናቡ የሚጀምርበት አርፋሳ ነው፣ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚከፈትበት ደግሞ ብራ። ለጅማ የሚስማማው አቆጣጠር ይሄ ነው።

ግን የግድ ወረቀት አያስፈልግሽም። ሐሙስ ዕለት ሄርማታ መርካቶ ሂጂ፤ ምንም ሳትገዢ መጀመሪያ አንዴ ዙሪ። አንድን ነገር አምስት ስድስት ሴቶች ጎን ለጎን ዘርግተውት ካየሽ ወቅቱ ነው። መደቡ ተልቆ ዋጋው ሲረክስ፣ ሻጯም ሳትጠየቅ ስትመርቅልሽ፣ ወቅቱ ነው። ጎደሬው አፈሩን እንደያዘ ከመጣ አሁን የተቆፈረ ነው። (በነገራችን ላይ ጎደሬን ጥሩ አድርገሽ ቀቅይ፤ ካልበሰለ ጉሮሮ ይበላል።) በካርቶን ታሽጎ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣው ብሮኮሊ ግን የሌላ ሰው ወቅት ነው። እንዲህ ስልሽ ደግሞ ግትር እንዳትሆኚ። ሽንኩርቱም ከመስኖ አገር ተጭኖ ነው የሚመጣው፣ ያለ ሽንኩርት ግን ወጥ የለም። ቲማቲም ክረምት ላይ ይበሰብሳል፣ ዋጋውም ይሰቀላል፤ እሱን ቀንሰሽ በድልህ ብትሠሪው ማንም አይከፋም።

የዓመቱን አካሄድ በአጭሩ ልንገርሽ። ሰኔና ሐምሌ ጓዳ የሚራቆትበት ጊዜ ነው። ያምናው እህል አልቋል ወይ ሊያልቅ ነው፣ አዲሱ ማሳ ላይ ነው፣ የቡና ገንዘብም ከእጅ ወጥቷል። የሚተርፈው ጎመን ነው፣ እሱ እንኳ አይጠፋም። በደዶና በሰቃ በኩል እንሰት ያለው ቤት ይህን ጊዜ ብዙ አይፈራም። ወርቄ ይሉታል። እህል የሚታጨድበት ወር አለው፤ እንሰት ግን ሲቸግር በማንኛውም ጊዜ ተቆርጦ ይፋቃል። ነሐሴ ላይ በቆሎው እሸት ሆኖ መንገድ ዳር ይጠበሳል። ፍልሰታን የምትጾሚ ከሆነ ጾሙና እሸቱ ገጥመው ነው የሚመጡት። እኔ በግሌ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ የክረምት ጎመን በአይብ ካገኘሁ የሥጋ ጥያቄ የለኝም።

መስከረም ላይ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እየተባለ የሚጨፈረው በከንቱ አይደለም። ሣሩ ስለደረሰ ላሟ ትታለባለች፣ ቅቤው ረከስ ይላል። ከበቆሎው ሥር የተዘራው ዱባ ይነሳል። ጥቅምት ሲገባ ቡናው ይቀላል፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ ከተማው ውስጥ የሚወራው ስለ ለቀማና ስለ ዋጋ ብቻ ነው። ጤፉ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። በበጋው ቅጠሉ ያንሳል፣ ጥራጥሬው ይበዛል። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን የሚውለውም በዚያ አካባቢ ስለሆነ ሽሮውና ምስሩ ቦታ ያገኛሉ። ማንጎው ዝናቡ ከጀመረ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይጠና ይመጣል። ረመዳን ግን በየዓመቱ 10 ወይ 11 ቀን ቀደም እያለ ስለሚዞር ወቅት አይመርጥም። የሙስሊም ጎረቤቶችሽን የአፍጥር ማዕድ ዓመት ከዓመት ብታስተያዪው ወቅቱ ሲቀያየር ታይበታለሽ።

እስካሁን ያልኩት ቀላሉ ነው። ቪዲዮዎቹ የማይነግሩሽ ነገር ግን ይሄ ነው፦ ጅማ ላይ ሐምሌ የምትበዪው የሚወሰነው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ዝናቡ ሰባትና ስምንት ወር በሚቆይበት አገር በወቅቱ መብላት ማለት ግማሹ በወቅቱ ማድረቅ ነው። ፀሐይ ያለችባቸው ወራት ጥቂት ናቸው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቋንጣው፣ በቆሎው፣ ሁሉም የሚሰናዳው በእነሱ ውስጥ ነው። ሐምሌ ላይ ቋንጣ ልስቀል ብትዪ ሻጋታ ነው የምትበዪው። አማትሽ የሳቁት ስለ ሰላጣው ብቻ አይመስለኝም። ፀሐዩ ሲወጣ የሚሠራ ሥራ እንዳለ ስለሚያውቁ ነው።

ከበርበሬው ጀምሪ። ከጥቅምት መጨረሻ አንስቶ ዛላው በብዛት ይገባል፣ ዋጋውም ከዓመቱ የተሻለ ያኔ ነው። ስትገዢ እጅሽን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርንሽ ክተቺ። ላዩ ደርቆ ውስጡ ረጥቦ የሚሸጥ አለ። የለሰለሰውንና ነጠብጣብ ያለበትን ለይተሽ ጣይ፤ «ይፈጫል፣ አይታወቅም» አይባልም። ከዚያ ቀንጥሰሽ ሰሌን ላይ አስጪው፣ ባዶ መሬት ላይ አይሁን። ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ብርድ፣ ጤዛውም ከባድ ስለሆነ ማታ ማታ ይግባ። ደረቀ የሚባለው ዛላውን ስትነቀንቂው ፍሬው ውስጡ ሲንኮሻኮሽ፣ ስታጥፊው ደግሞ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ጥቁር አዝሙድ እያለ የሚቀጥለውን የቅመሙን ነገር እኔ አልነግርሽም። እሱ የአማትሽ ነው። ከተደለዘ በኋላ እንደገና በደንብ መድረቁን ግን አትርሺ። ሁሉንም በአንዴ አታስፈጪ፤ የተፈጨ በርበሬ እርጥበት ቶሎ ይስባል። ግማሹ ዛላው እንዳለ ይቀመጥና ዝናቡ ከመክበዱ በፊት ይፈጭ።

ወደ በቆሎው ስንመጣ ነገሩ የጣዕም ብቻ አይደለም። እርጥብ ሆኖ የተከማቸ በቆሎ ይሻግታል፤ ከሻጋታው አንዱ ዓይነት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ጉበት ይጎዳል፣ ሲቆይም ካንሰር ያመጣል። መቀቀልም መጋገርም አያጠፋውም። ለላሟ ብትሰጪያትም በወተቷ ተመልሶ ለልጆችሽ ይመጣል። ስለዚህ ኩንታል ከመግዛትሽ በፊት ይህን ሞክሪ። ክዳን ያለው ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ያዢ። ጨው በምጣድ ላይ አመስ አመስ አድርገሽ አቀዝቅዢው፤ የጅማ ጨው ራሱ እርጥብ ነው። ጠርሙሱን ሲሶ ያህል በቆሎ ሙዪው፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው ጨምሪበት፣ ከድነሽ ለአንድ ደቂቃ በደንብ ነቅንቂው። ሩብ ሰዓት ያህል አሳርፊው። ጨው የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፣ ለማከማቸት አይሆንም። ጨው ካልተለጠፈ ደርቋል። ነጋዴው ቢስቅብሽ ይሳቅ።

ለነቀዝ ደግሞ ፒክስ የሚባል ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አለ። ከውስጥ ሁለት የላስቲክ ከረጢት፣ ከውጪ ተራ ጆንያ ነው። ሦስቱም ለየብቻ ጥብቅ ተደርገው ይታሰራሉ። ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ይጨርስና ያልቅለታል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። እርጥብ እህል ከገባበት ግን እዚያው ይሻግታል፣ ስለዚህ የጨው ሙከራው ይቅደም። ክኒን የሚመስለው የነቀዝ መድኃኒት ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ አይግባ። ጋዙ ይገድላል።

ስለ ድካምሽ። ይህን ለወቅትም ለምግብም ከመስጠትሽ በፊት ጤና ጣቢያ ሂጂና ደምሽን ተመርመሪ። በጅማ ዙሪያ ዝናቡ ቀነስ ሲል፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ ይነሳል። ብርድ ብርድ ካለሽና ካተኮሰሽ ያን ዕለቱኑ ተመርመሪ፣ ነገ አትበዪ። የደም ማነስ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የሚሰጡሽን ከመውሰድ ጋር አንዲት ልማድሽን ቀይሪ። ጅማ ላይ ይህን ማለት ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ቡናው ከምግቡ ጋር አይጠጣ። ቡና ከምግብ ጋር ሲሆን ሰውነት ከጎመኑና ከምስሩ ብረት እንዳይወስድ ያደርጋል። አንድ ሰዓት ያህል አሳልፈሽ አቦሉን ጠጪ። ጎመኑ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጊበት፣ እሱ ደግሞ ያግዛል። ዘይት ወይም ቅቤም አትሰስቺ፤ የጎመንና የማንጎ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ አይገባም። ደስ የሚለው ሰውነት ይህን ቫይታሚን ጉበት ውስጥ ለወራት ማቆየት መቻሉ ነው። ልጆቹ በማንጎው ጊዜ የጠገቡት ማንጎ ክረምት ድረስ ይከተላቸዋል።

ከአማትሽ ጋር ያለውን ነገር ደግሞ በይቅርታ ንግግር አታክብጂው። «ልጄ» ብለው ነው የተናገሩሽ፣ ከዚያ በላይ አትመንዝሪው። ቅዳሜ ጠዋት ዘንቢልሽን ይዘሽ በራቸው ላይ ቁሚና «እማማ፣ በርበሬ ልገዛ ነው፣ ዛላ መምረጥ አላውቅም፣ ይውጡልኝ» በያቸው። እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። መንገድ ላይ ያወሩሻል። ምን በየትኛው ወር ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛዋ ሻጭ ሚዛን እንደምታጎድል፣ የትኛው ወፍጮ ቤት እንደሚያቃጥል። ይህ የትም ቪዲዮ ላይ የለም። አንቺም የምትሰጪያቸው አለሽ። የጨው ሙከራውን አሳዪያቸው፣ ከረጢቱንም ግዢላቸው። ለእሳቸውም አዲስ ነገር ሊሆን ይችላል፣ አንድ ለአንድ ትሆናላችሁ።

ባለቤትሽን ያስመረረው ወጪ ደግሞ በአመዛኙ ከሰዓቱ ውጪ መግዛት ነው። ጤፍ ክረምት ላይ በኪሎ እየገዛሽ ብሮኮሊ የምታስመጪ ከሆነ የትኛውም ደመወዝ አይችልም። የዓመቱን ጤፍና ሽሮ እህል አዲሱ ምርት ገበያውን ሲሞላው፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብትገዙ ይሻላል። ችግሩ ገንዘቡ በአንዴ መፈለጉ ነው። መሥሪያ ቤት ወይ ሰፈር ውስጥ ዕቁብ ካለሽ ሰብሳቢውን አናግሪና ዕጣሽን ታኅሣሥ ላይ ከሚወስድ ሰው ጋር ተቀያየሪ። ብዙ ሰው ለመስከረም ለትምህርት ቤት ክፍያ ነው የሚፈልገው፤ የታኅሣሡን የሚለቅልሽ አታጪም።